ብርጭቆው ራሱ ነው የተሰበረው

መሳሳት ማንም ይችላል፤ ተሳስቶ መከበር ግን ሙያ ነው። ሙያ ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። በአማርኛ ብቻ የሚሳሳት ሰው በአንድ መዶሻ ቤት እሠራለሁ እንደሚል አናጢ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛውንም የዐረብኛውንም መሣሪያ እዚህ ዘርግፌልዎታለሁ። ያገኘሁት ኩዌት ሰው ቤት ስሠራ ነው፤ ዐረብኛውን ከማድቤት፣ እንግሊዝኛውን ማዳም ከልጆቿ ጋር ስትጨቃጨቅ። የቀረውን አገሬ ከገባሁ በኋላ ከመጻሕፍት ለቃቅሜያለሁ።

በመጀመሪያ መዝገበ ቃላት ይግዙ። ኪስ የሚገባ፣ አንድም ምሳሌ ዐረፍተ ነገር የሌለበት ይሁን። የእኔ እንደዚያ ነበር። በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት የሻይ ብርጭቆ፣ እነሱ ኢስቲካና የሚሏት፣ ወለል ላይ ወድቃ ደቀቀች። ሌሊቱን ያጠናሁት ቃል ነበረኝና ቀጥ ብዬ ቆሜ «አነ ኻጢአ» አልኩ። ተሳስቻለሁ ማለቴ ነው። ማዳም ስልኳን ዘጋች። ለካስ ጥንቃቄ የሚያውቀው ዐረብኛ ሳያስበው የሳተውን «ሙኽጢእ»፣ ዐውቆ ያጠፋውን ደግሞ «ኻጢእ» ብሎ ለያይቶ አስቀምጧል። ሴት ስትለው ደግሞ ይብሳል፤ «ኻጢአ» ወንጌል ላይ ያለችው ኃጢአተኛ ሴት የምትጠራበት ቃል ነው። በአንዲት ብርጭቆ ምክንያት ሙሉ ኑዛዜ ገባሁ ማለት ነው። ማዳም የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከማን ጋር?»

ቃሉን ብጠረጥረው ኖሮ ዘመዴ ነበር። ኻጢእ፣ የእኛ ኃጢአት፣ «አጣሁ» ስንል የምናነሣት አጣ፣ ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። የዕብራይስጡ ወንድማቸው መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ላይ አለ፤ ፀጉር ላይ ድንጋይ ወንጭፈው የማይስቱ 700 ግራኝ ብንያማውያን በሚነሡበት ቦታ «አይስቱም» የሚለው ግሥ እሱ ነው። ስህተትም ብንል «ሳተ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ሴማዊ ሕዝብ ጥፋትን ያየው እንደ ሳተ ድንጋይ ነው ማለት ነው። የእኔ ድንጋይ ግን ብርጭቆዋን አግኝቷታል።

ወደ እንግሊዝኛው ስንሻገር ሆድዎን ባዶ ያድርጉ፤ እዚያ ስህተት የሚበላ ነገር ነው። የተሸነፈ ሰው ወይ ቁራ ይበላል፣ ወይ «የትሕትና ፓይ» ይበላል። ይህ ፓይ ድሮ በእውነትም ነበረ፤ የአጋዘን ሆድ ዕቃ የሚሞላበት፣ ስሙም ከሆድ ዕቃው ስም የመጣ፣ ከትሕትና ጋር በድምፅ ብቻ የተዛመደ። ሁለቱም ካልጣመዎት የራስዎን ቃል ይብሉ። እንግሊዝ «ቃሌን እበላለሁ» ሲል የተናገርኩት ስህተት ነበር፣ አምኛለሁ ማለቱ ነው። እርስዎ ይህንኑ ቃል በቃል ገልብጠው ላበደረዎት ሰው በአማርኛ ይንገሩት። ቃሉን የበላ ሰው በእኛ ምን እንደሚባል እሱ ያስረዳዎታል።

«በተሳሳተ ዛፍ ሥር እየጮህክ ነው» የሚለውንም አይለፉት። አሜሪካ ውስጥ በሌሊት ራኩን የሚባል አውሬ በውሻ ሲያድኑ፣ አውሬው ወደ ሌላ ዛፍ ዘሎ ከሄደ በኋላ ውሻው ባዶው ዛፍ ሥር ቆሞ ይጮኻል። ፈረንጁ ግምትህ ስቷል ማለቱ ነው። እርስዎ በስብሰባ ላይ ለሰብሳቢው ተርጉመው ያቅርቡለት፤ ራኩን በአገራችን ስለሌለ ሰብሳቢው የሚሰማው ውሻውን ብቻ ነው። በዐረብኛም ቢሞክሩት ውጤቱ ያው ነው፤ እዚያም በውሻ መመሰልን የሚወድ አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስቀናኝ የመሪዎች ሰዋስው ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት በ1876 ለኮንግረስ በላከው መልእክት ስህተቶች ተሠርተዋል አለና፣ አምናለሁ የምትል ቃል ጨምሮ አበላሸው። ሌላው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1987፣ ለኢራን ስለተሸጠው መሣሪያ ሲናገር ከባድ ስህተቶች ተሠርተዋል አለ። በዚያው ንግግር ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ማለቱም እውነት ነው፤ በሰው ጆሮ የቀረችው ግን ያቺ ባለቤት የሌላት ዐረፍተ ነገር ናት። ማን ሠራቸው? ተሠሩ። የእኛም ሪፖርት ጸሐፊዎች ከዚህ አያንሱም፤ «ክፍተቶች ተስተውለዋል» ይላሉ። አዩት ጥበቡን፤ አድራጊው ጠፍቶ ተመልካቹ ብቻ ቀረ፣ ጥፋቱም ቀዳዳ ሆነ። ቀዳዳ ደግሞ ምንም የሌለበት ቦታ ነው።

ዐረብኛ በበኩሉ ከጭቃና ከፈረስ ይጀምራል። ነገር ሲባባስ «ዛደ ጢነ ቢላ» ይላሉ፣ ጭቃውን አራሰው። እኛ ከድጡ ወደ ማጡ እንላለን፤ እነሱ ባሉበት ቆመው ውኃ ያፈሳሉ፣ እኛ እየተጓዝን እንሰጥማለን። ሊያሳምር ሄዶ ላበላሸ «ጃ ይከሕልሃ ዓማሃ» አላቸው፣ ሊኩላት መጥቶ አሳወራት። ከሲያጌጡ ይመላለጡ ጋር ሲተያይ የእኛ ሰው ራሱን ነው የሚልጠው፣ የእነሱ የሌላ ሰው ዓይን ያጠፋል። የሚያምረው ግን «ሊኩሊ ጀዋድ ከብዋ» ነው፤ ማንኛውም ምርጥ ፈረስ ይደናቀፋል። ሲወድቁ ቶሎ ብለው ስለራስዎ ይናገሩት። ሰው ስለ መደናቀፉ ሲያስብ እርስዎ ምርጥ ፈረስ መሆንዎን ሳያስተውል አጽድቆልዎታል። «ማዕሌሽ»ንም በእጅዎ ይያዙ፤ «ይቅርታ»ም «ምንም አይደል»ም ማለት ስለሆነ፣ የሰው እግር ረግጠው ምንም አይደል ማለት የሚያስችል ብርቅ ቃል ነው።

ሰበብ ሲያቀርቡ ደግሞ ከጥፋቱ የከፋ ይምረጡ። «ከኃጢአት የከፋ ሰበብ» የሚለው የዐረብ አባባል በገጣሚው በአቡ ኑዋስ ስም ይተረካል። ኸሊፋው ሃሩን አል ረሺድ እንዲህ ያለ ሰበብ አምጣልኝ ይለዋል። ገጣሚው አድፍጦ ኸሊፋውን ከኋላ ይቆነጥጠዋል። ኸሊፋው በቁጣ ሲዞር፣ ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ ንግሥቲቱ መስለኸኝ ነው ይላል።

አሁን ወደ ከፍተኛው ደረጃ ልውሰድዎት፤ ተሳስቶ ማሸነፍ። መምህርዎ አል ኪሳኢ ይሁን፣ የኩፋው የሰዋስው ሊቅ፣ የሃሩን ልጆች አስተማሪ። በስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ባግዳድ ላይ፣ በወዚሩ በያሕያ ኢብን ኻሊድ ፊት፣ ከባስራ ከመጣው ፋርሳዊ ከሲበወይህ ጋር ተከራከረ። ጥያቄው ስለ ተርብ ነበር። ጊንጥ ከተርብ ይልቅ አጥብቃ ትናደፋለች ብዬ አስብ ነበር፣ ለካ ያቺም ያችው ናት በሚለው ንግግር ውስጥ መጨረሻው «ሂየ» ይባላል ወይስ «ኢያሃ»? በእኛ ቤት «እሷ» ወይስ «እሷን» እንደማለት ነው። ሲበወይህ «ሂየ» ብቻ አለ። አል ኪሳኢ «ኢያሃ»ም ይሆናል አለ። ዳኛ ጠፋ። ያን ጊዜ ንጹሕ ዐረብኛ ይናገራሉ የሚባሉት ዘላኖች ደጃፍ ላይ ቆመው ነበርና ይግቡ ተባለ፤ ገብተው ከአል ኪሳኢ ጎን ቆሙ። ተከፍሏቸው ነው ይላሉ ታሪኩን የሚተርኩት፤ ደግሞም የልዑላኑን አስተማሪ ማን ያስቀይማል? ሲበወይህ ወደ ፋርስ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ በወጣትነቱ ሞተ። የዐረብኛ ሰዋስው እስከ ዛሬ የሚቆመው «አል ኪታብ» በሚባለው የእሱ መጽሐፍ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም «ሂየ» ይላሉ። ምን ዋጋ አለው፣ ያን ቀን በር ላይ ሰው አላቆመም።

ምስክር የሚያቆሙበት ከሌለዎት ብዛትን ይጠቀሙ። «የተለመደ ስህተት ከተተወ ትክክል ይሻላል» የሚል አባባል ዐረቦች አላቸው። እኛ አባባሉን ሳንሰማ ሥራውን ጨርሰናል፤ ቃላት ብዙ መሆኑ አልበቃ ብሎን «ቃላቶች»፣ ሕፃናት አልበቃ ብለውን «ሕፃናቶች» ብለናል። አራሚ ቢመጣብዎ በሬዲዮ የሰሙትን ይጥቀሱለት።

ወደ ብርጭቆዋ ልመለስ። ማዳም «ከማን ጋር» ብላ ስታፋጥጠኝ እናቷ ከሳሎን መጡ። ስብርባሪውን አዩና «ኢንከሰር ኢሽሸር» አሉ፤ ክፉው ነገር ተሰበረ። ቤት ውስጥ ዕቃ ሲሰበር የሚባል ነው፤ ብርጭቆዋ ክፉውን ይዛልን ሄደች እንደማለት። ያን ቀን «ኢንከሰር»ን ያዝኩ። ሰባሪ የሌለበት ተሰበረ። እኛማ ከዚህም አልፈናል፤ ብርጭቆው «አመለጠኝ» እንላለን እስረኛ ይመስል፤ «ተሰበረብኝ» እንላለን፣ ሰባሪዋ ራሷ ተበዳይ ሆና። አንዲት «ብኝ» የስንት ጠበቃ ሥራ እንደምትሠራ ያኔ ገባኝ።

እንግዲህ ታጥቄ ጠበቅሁ። በሳምንቱ የማዳም ልጅ የእንግዳ ፍንጃል ጣለች። «ኢንከሰር» አለች ማዳም፣ ልጅቷን እጇን እያየች፣ ተቆርጣ እንደሆነ። እኔም ቀኔ ደረሰና ሳህን ወደቀብኝ። «ኢንከሰር» አልኩ ጥርት ባለ ዐረብኛ። ማዳም ደብተሯን አወጣችና ከደመወዜ የሚቀነሰውን ጻፈች። አንድ ጠዋት ደግሞ፣ እኔ ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ፣ ማድቤት ማንም ሳይኖር የስኳሩ ዕቃ ከመደርደሪያው ወድቆ ተሰበረ። ከደረጃው ስወርድ ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ሌሽ ከሰርቲህ?» አለችኝ። ለምን ሰበርሽው?