ከደጎሎ እስከ መስቀል አደባባይ፦ በታላቁ ሩጫ ቦታ ስለሚገኝበት መንገድ የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ስለ ኢትዮጵያ ሩጫ የተጻፈው ሁሉ አንድ የጋራ ጉድለት አለበት፤ የሚያወራው ስለ መሮጥ ነው። የበቆጂ አየር ተመርምሯል፤ የሱሉልታ ሜዳ ተለክቷል፤ የአትሌቶቻችን ሳንባ፣ ባትና ቁርስ ሳይቀር ተጠንቷል። ሯጩ መነሻው መስመር ላይ ለመቆም በማን በኩል እንደመጣ የጠየቀ ግን የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተሰናዳ ነው። የጥናቱ ቦታ በደቡብ ወሎ፣ ጃማ ወረዳ፣ ደጎሎ ከተማ ነው። የተመረጠችው በሁለት ሳይንሳዊ ምክንያቶች ሲሆን፣ አንደኛው ከመስቀል አደባባይ ሩቅ መሆኗ፣ ሁለተኛው አጥኚው እዚያ ዘመድ ያለው መሆኑ ነው። መካነ ሰላምም ታስባ ነበር፤ እዚያ ያለው ዘመድ ግን ከአንድ ሠርግ ወዲህ ስላኮረፈ ለጊዜው ተትታለች።

ስለ ታላቁ ሩጫ ጥቂት መባል አለበት። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከሲድኒ ኦሊምፒክ መልስ የተነሳበት ሐሳብ ህዳር 1994 ዓ.ም. ላይ እውን ሆነና 10,000 ሰው የሚይዝ ውድድር ተጀመረ። በሴቶች ብርሃኔ አደሬ፣ በወንዶች ኃይሌ ራሱ አሸነፉ። ድግስ ደግሶ የመጀመሪያውን ጮማ ለራስ መቁረጥ በወሎ ደንብ ነውር ነው፤ ጋባዡ በ10,000 ሜትር ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣ ሰው ሲሆን ግን እንግዳው ምን ይላል? ከዚያ ወዲህ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 በላይ ደርሷል። ቦታው ሲጨምር ቦታ ፈላጊው ይብስ ጨመረ። በ2013 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን ከህዳር ወደ ጥር ገፍቶ ተሳታፊውን ወደ 12,500 ገደማ ሲያወርደው፣ ቲሸርት በእጁ የገባ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ የማያውቃቸው የአክስት ልጆች እንዳሉት ተረዳ።

የውድድሩ ርቀት 10 ኪሎ ሜትር ነው። በደጎሎ ግን «ማራቶን» ነው የሚባለው። ይህን እንደ ስህተት መቁጠር አይገባም፤ ደጎሎዎች የሚቆጥሩት ከቤታቸው ደጃፍ ጀምረው ነው።

በደንቡ መሠረት ቦታ ማለት ቲሸርት ነው። የተመዘገበ ይሰጠዋል፤ ያልለበሰ መነሻው ጋ አይደርስም። መልኩ በየዓመቱ ይቀየራል። ለመቀየሩ የሚሰጠው ምክንያት ብዙ ነው፤ የዚህ ጥናት አቋም ግን ባይቀየር ኖሮ የ1994ቱ 10,000 ሰዎች እስከ ዛሬ ይሮጡ ነበር፣ ከእነሱ በኋላም ልጆቻቸው በውርስ ይረከቡ ነበር የሚል ነው። መነሻው በአረንጓዴና በቀይ ተለይቷል። አረንጓዴው ፈጠን ለሚሉት ነው። ቀዩ ለቀረው ሕዝብ፣ ማለትም ለሚጨፍረው፣ ፎቶ ለሚነሳው፣ መንገድ ዳር ባለው ሙዚቃ ፊት ቆሞ እስክስታ ለሚመታውና «ዳገቱ የት ጋ ነው?» እያለ ለሚጠይቀው ነው። ሁለቱም ቲሸርት ይፈልጋሉ።

ሌላው ዓለም ይህን ችግር በሁለት መንገድ ሊፈታ ሞክሯል። ለንደን ዕጣ ታወጣለች። ለ2026 እ.ኤ.አ. ማራቶን ስሙን ዕጣ ውስጥ ያስገባው ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በቀደመው ዓመት ሮጦ የጨረሰው ደግሞ 56,000 ያህል ነው። ዕጣ ያልወጣለት እንግሊዛዊ አዝኖ ቤቱ ይገባል እንጂ ለአጎቱ አይደውልም። ቦስተን በሰዓት ትመዝናለች። ለ2025 እ.ኤ.አ. ውድድር ከ18 እስከ 34 ዓመት ያለ ወንድ ቀድሞ ማራቶን ሮጦ በ3 ሰዓት ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ይህን አሟልቶ ከመጣው መካከልም ወሰኑን በ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ያላሻሻለው ቦታ የለም ተብሎ ተመልሷል። ሁለቱም አሠራሮች ከባድ ክፍተት አለባቸው፤ ዕጣ ዕድልን ብቻ ያያል፣ ሰዓት እግርን ብቻ ያያል፣ ስለ ሰውየው ቤተሰብ የሚጠይቅ ግን የለም። የማን ልጅ እንደሆነ ያልተጣራ ሰው እንዴት ዝም ተብሎ አስፋልት ላይ ይለቀቃል?

የእኛ ደንብ ቀድሞ የተመዘገበ ይሮጣል ነው የሚለው። በወረቀት ላይ እንከን አይወጣለትም። ምዝገባው በተከፈተበት ሰዓት ግን የደጎሎው ወጣት ወይ መብራት የለውም፣ ወይ ኔትወርክ የለውም፣ ወይ ሁለቱም ኖረውት ጫማ ውጦ በሚያስቀረው የጃማ ጥቁር አፈር ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገብቶ ቆሟል። እግሩን ነቅሎ ስልኩን ሲያይ ቦታው አልቋል። ስለዚህ ይደውላል።

የጥሪው አካሄድ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የአክስት ጤና ይጠየቃል። ቀጥሎ የልጆቹ፣ የአማቱና ባለፈው ወገቡን ያመመው የጎረቤት። ከዚያ ዝናቡ፣ ጤፉና የስንዴው ዋግ በየተራ ይነሳሉ። አጭር ዝምታ ይከተላል። በመጨረሻም ጥያቄው፣ ድንገት ትዝ ያለ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ ምልህ ጋሼ፣ ያቺ ቲሸርት እንዴት ሆነች?» ተብሎ ይቀርባል። የአዲስ አበባው ዘመድ «አብሽር፣ አትጠፋም» ይላል። በዚያው ዕለት ደዋዩ ልምምድ ይጀምራል፤ ተደዋዩ ደግሞ ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ዘመድ ሁሉ እኩል አይደለም። ከሁሉ የላቀው መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛው ቲሸርት በጅምላ የሚገዛለት ነው፤ በጅምላ በተገዛ መካከል ጉልበቱን የሚያመው የሒሳብ ሹም አይጠፋምና። ኤምባሲ የሚሠራ ዘመድ ስሙ ትልቅ ነው፤ የሚያመጣው ቲሸርትም እንደዚያው ትልቅ ሆኖ የደጎሎን ወጣት እስከ ጉልበቱ ድረስ ያለብሰዋል። ከመነሻው ቀን በፊት ባለው ሳምንት ቲሸርት አትርፎ የሚሸጥ ሰውም አለ፤ እሱ ዘመድ ስላልሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ ከአጥኚው ወሰን ውጭ ነው። ለበጎ አድራጎት በሚሸጠው ወደድ ባለው ቲሸርት መግባትም ይቻላል። ወሎ ከበጎ አድራጎት ጋር ያላት ትውውቅ በብዛት በተቀባይ ወገን በኩል ስለሆነ፣ ከፍሎና ላቡን አፍስሶ ለሌላ መስጠት ለጊዜው እንደ አዲስ ነገር ይታያል።

ቲሸርቱ ተገኘ እንበል። ወጣቱ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ፣ ከደጎሎ ተነስቶ በዓለም ከተማ አድርጎ፣ የጃማን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ በለሚ ወደ ሙከ ጡሪ፣ ከዚያም በጫንጮ ወደ ሱሉልታ ይመጣል። ጃማ ቁልቁለቱ ላይ ጆሮው ይደፈናል፤ አቀበቱ ላይ ይከፈታል። ይህ በሥልጠና መጻሕፍት ውስጥ «ከፍታን መላመድ» የሚባለው ነው፤ እሱ ግን የሚያደርገው ተቀምጦ፣ የሌላ ሰው ዶሮ ታቅፎ ነው። ሱሉልታ ላይ በመስኮት ሲመለከት ቀጫጭን ሰዎች በቡድን ሆነው ከመኪናው እኩል ሲሮጡ ያያል። እነዚህ ቲሸርት የማይለምኑት ናቸው። ለእነሱ ቦታ የሚገኘው በእግር ብቻ ነው፤ ምስኪኖች፣ ከዚያ ውጭ አማራጭ አልተሰጣቸውም።

እዚህ ላይ አጥኚው በደጎሎ ገበያ ወዳየውና የጥናቱ እምብርት አድርጎ ወደሚቆጥረው ጉዳይ መግባት ያስፈልጋል። ቲሸርቱ እሁድ ከተሮጠበት በኋላ አይሞትም። አዲስ አበባ ላይ አንድ ክረምት ለመኝታ ይለበሳል። ከዚያ ለበዓል ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ የስኳርና የሳሙና መጠቅለያ ሆኖ ይገባል። ደጎሎ ሲደርስ መጀመሪያ የክት ይሆናል፤ ሲከርም ለእርሻ ይወርዳል፤ በመጨረሻም ለእረኛ ይደርሳል። በገበያ ቀን ጥግ ይዞ ያየ ሰው ዓመታቱን በቀለም መቁጠር ይችላል። የደመቀው የአምናው ነው። ጽሑፉ የተላጠው ከዚያ በፊት ነው። አንገትጌው ተቀዶ በክር የተያዘውን ለመመርመር የዕድሜ ባለሙያ ያስፈልጋል። መኪና የሚያስመጣ ድርጅት ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት ሰው ሁለት በሬ ጠምዶ ሲያርስ ታይቷል፤ ማስታወቂያው ገዢ ስለማግኘቱ አጥኚው ማረጋገጫ የለውም፤ በሬዎቹ ግን ዘወር ብለው አላዩትም።

ከዚህ የሚወጣው ግኝት ቀላል አይደለም። ደጎሎ በታላቁ ሩጫ ቦታ አጥታ አታውቅም፤ የምታገኘው ዘግይታ ነው እንጂ። አዲስ አበባ አንድ እሁድ ጠዋት የምትሮጥበትን ቲሸርት ደጎሎ ለዓመታት ትሮጥበታለች፤ ከጥጃ ኋላ፣ ከዝንጀሮ ኋላ፣ አንዳንዴም ከሚያመልጥ አውቶቡስ ኋላ። በርቀት ከተደመረ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለካት ፈቃደኛ የሆነ እረኛ አልተገኘም።

አሁንም በሕይወት እያለ፣ በዚያው እሁድ፣ በአረንጓዴው ባይሆን በቀዩ መነሻ ላይ መቆም ለሚፈልግ ሰው ግን አንድ መንገድ ይቀራል። ይህ መንገድ በሀገራችን የማራቶን ታሪክ ጥልቅ መሠረት አለው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት አንድ ቀን ሲቀረው፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን አቋርጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። ዓለም ስለ ባዶ እግሩ እስከ ዛሬ ያወራል፤ ጃማን በክረምት ቢያይ ኖሮ ብዙም ባላወራ። ዋናው ነገር ሌላ ነው። እንደሚተረከው አበበ ወደ ሮም የሄደው ዋሚ ቢራቱ በመጎዳቱ በእሱ ቦታ ተተክቶ ነው። ከ64 ዓመት በኋላ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ታምራት ቶላ በፓሪስ 2:06:26 ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ። ታምራት ቀድሞ ቡድኑ ውስጥ ተጠባባቂ ነበር፤ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ነው የገባው። የመጀመሪያው ወርቃችንና የቅርቡ ወርቃችን በአንድ በር ገቡ። ሁለት ማስረጃ ለአንድ ንድፈ ሐሳብ ያንሳል የሚሉ ይኖራሉ፤ ከዚህ ባነሰ የተመረቀ ግን አጥኚው ያውቃል።

ንድፈ ሐሳቡ ይኸውና፦ በሩጫ ቦታ የሚያስገኘው አስተማማኙ ነገር የሌላ ሰው መታመም ነው።

ደጎሎ ይህን ንድፈ ሐሳብ ሳታነብ ተግብራዋለች። አጎት በመሥሪያ ቤቱ በኩል ሦስት ቲሸርት አግኝቶ አራት የወንድምና የእህት ልጆች ሲያሰፈስፉበት፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። አምና ያልሮጠው ይቅደም ይባላል፤ የአዲስ አበባው ልጅ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ አይቀርበት ይባላል፤ ትንሹ ስላለቀሰ ይሰጠው ይባላል። ለአራተኛው፣ ጃማን ወርዶ ለወጣው፣ «አንተ ቦርሳ ትይዛለህ» ተብሎ ይፈረድለታል። ቦርሳ ያዥ የሦስት ሰው ሹራብ፣ የሦስት ሰው ስልክና የሦስት ሰው የቤት ቁልፍ ተሸክሞ ከአደባባዩ ዳር የሚቆም ሰው ነው። ምዝገባ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ቲሸርት የለውም። ከአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ቋንቋ ብንዋስ ግን ተጠባባቂ ነው።

ተጠባባቂ ደግሞ ዕድሉ የሚወሰነው ቅዳሜ ማታ ነው። ውድድሩ እንደተለመደው ህዳር ሳይጋመስ ሲውል ጾመ ነቢያት ገና አልገባም፤ ስለዚህ ማዕዱ ላይ ዶሮ አለ፣ አይብ አለ፣ የአክስት እጅ ከፈታ ክትፎም አለ። ሙስሊም ዘመድ ቤት ያረፈ ተጠባባቂ ስለ ጾሙ ማስላት እንኳ አያስፈልገውም። ነገ የሚሮጡት ሦስቱ ቀለል አድርገው በልተው በጊዜ ለመተኛት ያስባሉ። የደጎሎው ልጅ እጁን ታጥቦ ከመሶቡ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባው የአክስት ልጅ ጎን ይቀመጣል። ቅቤ የጠገበውን መርጦ ይጠቀልላል። «በሞቴ!» ይላል። የአክስት ልጅ ይጎርሳል። ቀጥሎ አንድ እንቁላል ከነድልሁ። «ይቺን ብቻ፣ እማዬ ትሙት ካልበላህ፤ እሷ ናት ከደጎሎ አጉርሰው ያለችኝ!» እናት ተጠርታ እምቢ አይባልም። አክስት ፍቅራቸውን አይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ እንዲህ ያለ ልጅ አዲስ አበባ አይበቅልም ትላለች።

የአክስት ልጅ እስከ አምስተኛው ጉርሻ ድረስ ነገሩን በፍቅር ይወስደዋል። በስድስተኛው ላይ ቲሸርቱ የት እንደተሰቀለ ዞር ብሎ ያያል።