ለንፍሮ ያህል

መኪናዋ የእኔ አይደለችም፤ የሚስቴ ወንድም ንብረት ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም። ለሆነው ሁሉ ጥፋተኞቹ እኛው ስለሆንን የሠሪዎቿን ስም ማንሳት ሐሜት ይሆንብኛል። ባለ ነጠላ ጋቢና ፒክ አፕ ናት ብል ይበቃል። አማቼ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት በእጁ ሁለት ጊዜ አገላብጦ «ምንድን ነው የምትጭኑባት?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አክስቴ ከኋላዬ ሆና «ኧረ ጥቂት እህል ነው የኔ ልጅ፤ ለንፍሮ ያህል» አለችው።

ለንፍሮ ያህሉ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ 17 ኩንታል ማሾ ሆኖ ጠበቀን።

እንዲህ ያለች መኪና የምትችለው አንድ ቶን ገደማ ነው፤ 10 ኩንታል፣ እሱም ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ተደምሮ። 10ኛው ጆንያ ሲወጣ «በቃ!» አልኩ። «ምኑ በቃ? ቦታው እኮ ገና ግማሽ ነው» አለች አክስቴ፣ ክብደት በስፋት የሚለካ ይመስል። 14ኛው ላይ እንደ ደጋን ጎበጥ ብለው የነበሩት ባሌስትራዎች ቀጥ አሉ። 17ኛው ላይ ደግሞ ጉብጠታቸውን ወደ ሌላው አቅጣጫ አዞሩት። የመኪናዋ ኋላ መሬት ሊስም ደረሰ፤ አፍንጫዋ ቀና አለ፤ መብራቷ መንገዱን ትቶ የዛፍ ላይ የወፍ ጎጆ ማብራት ጀመረ። ከማሳው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ የመስኖ ውሃ የጠጣ ዋልካ ነበርና እየዋኘን ወጣን።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያንን ሁሉ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወጣነው፤ «ወጣነው» ስል ወጣችው ማለቴ ነው። ደብረ ሲና ላይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱትን የንስሐ አባታችንን ለማሳፈር ቆምን። አባ ወደ ጋቢናው ከመግባታቸው በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረው አዩዋት።

«ስንት ነው ልጄ?»

«17 ኩንታል፣ አባ።»

«ግፍ ነው። አህያ ብትሆን ተኝታ ታስቆማችሁ ነበር። ብረት ስለሆነች አፍ የላትም።»

ጣርማበር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ አለፍን። ያ አምስት ዓመት ዋሻውን ብቻ አይደለም ያተረፈልን፤ ካምቢዮን፣ ፍሪሲዮንን፣ ቸርኬንና ኩሽኔታን ከነስማቸው ትቶልን ሄዷል። ጠላትን አስወጥተን ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ማርከን አስቀረናቸው። ይህንን ለአባ በኩራት ሳስረዳቸው ከዚያው ከምርኮኞቹ አንዱ ከእግራችን በታች ሊሞት እያጣጣረ እንደነበር አላወቅሁም።

ደብረ ብርሃን ማሾው ተራገፈ። አክስቴ ሂሳቧን ተቀብላ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጠርሙስ አረቄ ገዝታ ተመለሰች። ብርድ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አረቄውን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ መሀል ተቀመጠች። ከ17 ኩንታል ሥር የወጣች መኪና ትበራለች፤ እኔም በረርኩ። ከከተማው እንደወጣን ሜዳ ነው። ፍጥነቱ 70 ሲደርስ ከመቀመጫችን ሥር አንድ ነገር መዝፈን ጀመረ።

ዝዝዝዝዝ። ንብ ጆንያ ውስጥ ብትታሰር እንዲህ ነው የምትለው። ጥርስ ያሳክካል። 80 ላይ መስተዋቱ ውስጥ የነበረው የኋላዬ መንገድ ወደ ጭጋግነት ተቀየረ።

«አፍ አወጣች» አሉ አባ።

ጋቢናው ወዲያው የሐኪሞች ጉባኤ ሆነ። አክስቴ ነዳጁ ውሃ ተቀላቅሎበታል አለች። እኔ ጎማ ነው አልኩ፤ ስለ መኪና የማያውቅ ወንድ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ጎማ ነው። አባ «ግፉ ነው» ብለው ዝም አሉ። ከሦስታችን ትክክለኛው ማን እንደሆነ ለመናገር ገና ነው፤ እኔ ግን አልነበርኩም።

እውነቱን ለመናገር ሁነኛው መሣሪያ የአክስቴ ጠርሙስ ነበር። 60 ላይ አረቄው እንደ መስተዋት ይረጋል። 70 ላይ ገጹ ላይ ቀጫጭን ክቦች ይታያሉ። 80 ላይ ጠብታዎች እየዘለሉ የጠርሙሱን አንገት ይመታሉ። «ፈላ! ፈላ!» ትላለች እሷ፤ እኔ ፍጥነት እቀንሳለሁ። «ረጋ።» እጨምራለሁ። «ፈላ!» ከኋላችን የመጣ አውቶቡስ ይህን መጨመርና መቀነስ አይቶ ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠርሙሱን ጠቆመና ራሱን ነቀነቀ።

አንድ ዘዴ ትዝ አለኝ። 80 ላይ እያለሁ ማርሹን አውጥቼ በፎሌ ለቀቅኋት። ፎሌ በጣሊያንኛ እብድ ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚያደርገውን ሰው ቃሉ በደንብ ይገልጸዋል፤ እኛ ግን ሜዳ ላይ ነን። ሞተሩ ዝም አለ፤ ዝማሬው ቀጠለ። ስለዚህ ሞተሩ ነፃ ነው፤ ነዳጁም ነፃ ነው። ይህን ስናገር አክስቴ ደስ አላላትም። ቀጥሎ እጄን መሪው ላይ አሳረፍኩ፦ ቀስ ያለ መወዛወዝ አለ፣ ንዝረቱ ግን ከመቀመጫው ነው። ከመሪው የሚመጣ ከፊት ነው፤ ከመቀመጫው የሚመጣ ከኋላ ወይም ከመሀል። ሁለት በሽታ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ያሰብኩት ግን ጎማ ነው፤ አቋሜን በቀላሉ አልለቅም።

ጫጫ ላይ ጎሚስታው የፊቱን ጎማ በክሪክ አንስቶ እጁን ከቸርኬው በስተውስጥ ሰደደና የዳቦ ቁራሽ የሚያህል የደረቀ ዋልካ እየገመሰ አወጣ። አራቱም ቸርኬዎች ውስጥ ነበር፣ በአንድ ወገን እንደ ሸክላ ተለጥፎ። ኪሎ የማይሞላ ጭቃ በአንድ በኩል ከተጋገረ ጎማውን ያንገደግደዋል። አስጠርገን ስንነሳ መሪው እጄ ላይ ጸጥ አለ። «አላልኩም?» አልኩና ወደ 80 ከፍ አደረግሁ።

«ፈላ» አለች አክስቴ በእርጋታ።

ቀድሜ ባሰላው ኖሮ የጎሚስታውን ጊዜ አላባክንም ነበር። በ80 ፍጥነት እንዲህ ያለ ጎማ በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከካምቢዮ ተነስቶ በሆዷ ሥር ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅም ዘንግ ግን ጎማው አንዴ ሲዞር እሱ 4 ጊዜ ያህል ስለሚሽከረከር በሰከንድ ወደ 40 ይደርሳል። 10ሩ ያወዛውዛል፤ 40ው ይዘምራል። የእኛዋ ስትዘምር ነበር።

ሸኖ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ያለ ጋራዥ ገባን። አንድ ልጅ፣ 18 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ተንሸራተተ። ከእግሩ በቀር የሚታየን የለም። ዘንጉን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ሲያዞረው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማን።

«ጋሼ፣ ክሮቸራው አልቋል!» አለ ከታች።

«ምኑ?» አሉ አባ።

«ክሮቸራው። ዘንጉ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ።»

ዘንጉን አውርዶ ሞርሳ ላይ አሰረና ክሮቸራውን በመዶሻ አስወጣው። ሲወጣ እንደ በርበሬ ቀይ የሆነ የዝገት ዱቄት ከውስጡ ፈሰሰ። ግራሶ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ልጁ በጨርቅ ጠርጎ አባ እጅ ላይ አኖረው። አራት አጫጭር ክንዶች ያሉት፣ መዳፍ የሚሞላ ብረት ነው። ከክንዶቹ በአንደኛው ላይ፣ በመርፌ ቅጥነት የተደረደሩት የኩሽኔታው ዘንጎች ብረቱን በልተው ጎን ለጎን መስመር አስምረውበታል፤ ማበጠሪያ ሊጥ ላይ ተጭኖ የተነሳ ይመስላል። አባ ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያሳለፉ ቆዩ።

«መስቀል እኮ ነው» አሉ።

ስሙም እኮ ከዚያው ነው አልኳቸው፤ ክሮቼ በጣሊያንኛ መስቀል ነው። አባ ወደ መኪናዋ፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለከቱ። «በዚህ ላይ ነው 17 ኩንታል የጫናችሁት?»

መልስ አልነበረኝም። አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልለው በቀሚሳቸው ኪስ ከተቱት።

አዲሱ ገባ፤ ዘንጉ ተሰቀለ፤ ቡሎኖቹ ጠበቁ፤ ከፍለን ወጣን። ገና 50 ላይ አክስቴ ጮኸች። አሁንስ ዝማሬ አልነበረም፤ ከበሮ ነበር። አረቄው የሚፈላው ቀርቶ ክዳኑን ሊፈነቅል ደረሰ። ዞረን ተመለስን። ልጁ ሲያየን ፊቱ ጠቆረ። ከጋራዡ ጥግ በርጩማ ላይ ሻይ ይጠጡ የነበሩ፣ እስካሁን ቃል ያልተነፈሱ ሽማግሌ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ባለቤቱ ኖረዋል።

«ከማውረድህ በፊት ምልክት አርገህበታል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በምን?»

«በልቤ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንዴ አዩና ቀና አሉ። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ሲሆን አንዱ በጥርስ ወደ ሌላው ይገባል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት የክሮቸራ ማቀፊያ ጆሮዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ልጁ ጥቂት ጥርስ አሳልፎ ስለከተተው አንዱ ጆሮ ወደ ሰማይ ሲያይ ሌላው ወደ ጎን ያያል። «ምን ለውጥ አለው?» አልኳቸው፤ ለእኔ ሁሉም የሚዞር ብረት ነው።

«ጌታዬ፣ ይህ ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር እኩል አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የኋለኛው ደግሞ እሱ ሲፈጥን እየዘገየ፣ ሲዘገይ እየፈጠነ ያስተካክለዋል። ቃሬዛ ተሸክመው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ከፊት ያለው እርምጃውን ሲለውጥ ከኋላ ያለው ካልተከተለው ታማሚው ምን ይሆናል?»

«ይወድቃል» አሉ አባ፣ ለእኔ የቀረበውን ጥያቄ ነጥቀው።

ሽማግሌው ጭነቱንም ሳንነግራቸው አወቁት። ባሌስትራው ሲረግብ የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫውን ይስታል፤ ክሮቸራው ከልኩ በላይ ታጥፎ ይሠራል፤ በዚያ ላይ ዳገትና አንደኛ ማርሽ ሲጨመርበት ደረቁ ብረት ይበላል። ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር ያሰሩትን ዳዶዎች በቁልፍ ሲሞክሯቸው ሁለቱ ግማሽ ዙር ጠበቁ። «እነዚህም ላልተዋል። ስንት ነበር የጫናችሁት?»

አክስቴ አባን አየች። አባ ሰማዩን አዩ። «ጥቂት እህል ነው» አለች፣ ግን «ለንፍሮ» ሳትል።

ዘንጉ እንደገና ወርዶ፣ ጆሮዎቹ ተስተካክለው፣ በዚህ ጊዜ በኖራ ምልክት ተደርጎበት ተሰቀለ። ልጁ ኖራውን ያሰመረው እጅግ አወፍሮ ነበር። ስለ ዋጋው አልናገርም፤ አማቼ ይህን መጽሔት ያነባል። አለልቱንም ሰንዳፋንም በ80 አለፍን፤ አረቄው አልተነቃነቀም። አክስቴ መሀል ላይ አንቀላፋች፣ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ።

አማቼ በሩ ላይ ጠበቀን። ታጥባለች፤ ኋላዋ ተጠርጓል፤ ከጥጉ አንዲት የማሾ ፍሬ እንኳ እንዳትቀር አክስቴ በጥፍሯ ፈልፍላለች። እሱ ግን ቁልፉን ተቀብሎ ሰፈሩን አንዴ ዞሮ ሊሞክራት ሄደ። ሲመለስ ግንባሩ ተቋጥሯል።

«አንድ ነገር አርጋችኋታል።»

«ምን እናረጋታለን?» አልኩ።

«ስትሄድ ትንሽ ታንጎራጉር ነበር። ዓመቱን ሙሉ እኮ አውቃታለሁ። አሁን ድምፅዋ የለም።»

አክስቴ ስለ ነዳጅ ጥራት አንድ ነገር ጀመረች። አማቼ አላዳመጣትም፤ ዞሮ ጋቢናው በር ላይ ወደቆሙት ሄደ።

«አባ፣ እርስዎ አይዋሹም። ምን ሆና ነው?»

አባ ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተው፣ ጋዜጣውን አውጥተው ቀስ ብለው ፈቱት።

«መስቀሏን አስቀየርንላት፣ ልጄ።»