ይድረስ ለክቡር ባለልምድ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እርስዎን የሰጠን አምላክ ይመስገን፣ አለን። በዘመንዎ ያላሳዩን ነገር የለም። ኑሮውን ሰማይ አድርሰውታል፤ ውለታዎም እስከ ዛሬ ከጫንቃችን አልወረደም። ሕዝቡም ቢሆን ስብሰባ በጠሩት ቁጥር አጨብጭቦ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው።

ለመጻፍ ያስገደደኝ የምርጫው ነገር ነው። አንዲት ማኅተም ጨብጦ የማያውቅ ወጣት ለወንበርዎ መነሳቱን ሰማሁ። እርስዎም «የት ሠርቶ ያውቃል?» ብለው መሳቅዎን የቅርብ ሰዎችዎ አጫወቱኝ። እውነት ነው፣ ያስቃል። ያሳሰበኝ ኪየቭ ላይም ነገሩ የተጀመረው በሳቅ መሆኑ ነው።

የቀድሞውን የዩክሬን ፕሬዚዳንት ፔትሮ ፖሮሼንኮን አይረሷቸውም። ልምድ ከተባለ እንደ እሳቸው ማን ነበር? እ.ኤ.አ. በ2005 የብሔራዊ ጸጥታና መከላከያ ምክር ቤት ጸሐፊ፣ በ2009 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በ2012 የኢኮኖሚ ሚኒስትር ነበሩ። ሮሼን የሚባል የከረሜላና የቸኮሌት ኩባንያም ስለነበራቸው «የቸኮሌቱ ንጉሥ» ይባሉ ነበር። በ2014 ሕዝቡ ሁለተኛ ዙር እንኳ ሳያስፈልገው ከ54 በመቶ በላይ ድምፅ ሰጥቶ ሾማቸው። አልሠሩም አይባልም። ጦሩን አጠናከሩ። ከ2017 ጀምሮ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ አውሮፓ እንዲገቡ አስደረጉ። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ የዩክሬን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ራሷን የቻለችበትን ደብዳቤ ከቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ስትቀበል አጠገቧ ቆመው ታዩ። «ጦር፣ ቋንቋ፣ እምነት» የሚል መፈክርም በየአደባባዩ አሰቀሉ።

በዚህ ሁሉ ላይ የተነሳባቸው ማን ነው? ቮሎዲሚር ዜሌንስኪ የሚባል ኮሜዲያን! «የሕዝብ አገልጋይ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማው ላይ የታሪክ መምህር ሆኖ ይተውናል። መምህሩ ክፍል ውስጥ በሙስና ተንገብግቦ ሲሳደብ ተማሪው ደብቆ ይቀርጸዋል፤ ቪዲዮው አገር ያዳርሳል፤ ሳያስበው ፕሬዚዳንት ሆኖ በብስክሌት ቢሮ ይገባል። ክቡር ሆይ፣ ይሄ እንኳ ከእርስዎ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እርስዎ እስኪያልፉ መንገድ ተዘግቶበት ፀሐይ ላይ የሚቆመው ሕዝብ ያን ሁሉ ሰዓት ስምዎን ሲያነሳ ነው የሚቆየው።

ተዋናዩ እወዳደራለሁ ያለው የ2018 የመጨረሻ ሌሊት፣ አዲሱ ዓመት ሊገባ ደቂቃዎች ሲቀሩት ነበር። በየዓመቱ በዚያ ሰዓት ፕሬዚዳንቱ መልካም ምኞት የሚያስተላልፉበት ስክሪን ላይ ብቅ አለ። ያኔ የጣቢያው ባለቤት ኢሆር ኮሎሞይስኪ የሚባሉ ባለሀብት መሆናቸውን ግን ልብ ይበሉ፤ አዲሱ ሰው የቆመበት መድረክ ኪራይ የሚቀበል የድሮ ሰው ነበረው። ፖሮሼንኮም «የኮሎሞይስኪ አሻንጉሊት» እያሉ ይህንኑ ደጋግመው ተናገሩ። ሕዝቡ ግን አልሰማም፤ የሚሰማው ሌላ ነገር ነበረው። ምርጫው አንድ ወር ገደማ ሲቀረው የምርመራ ጋዜጠኞች የጸጥታ ምክር ቤቱ ምክትል ጸሐፊ ልጅ ያለበት ቡድን ለጦሩ በኮንትሮባንድ የገባ መለዋወጫ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር ብለው ዘገቡ። ምክትል ጸሐፊው ተሰናበቱ። በሰልፍ መፈክር ከ«ጦር» ቀጥሎ የሚነበበው «ቋንቋ» ነው፤ በሰፈር ወሬ ግን ከ«ጦር» ቀጥሎ የመጣው መለዋወጫው ሆነ።

ኤፕሪል 19 ቀን ኪየቭ ኦሊምፒክ ስታዲየም ክርክር ተደረገ። ባለልምዱ የተቀናቃኛቸውን ባዶነት ሲዘረዝሩ ተዋናዩ ምን አላቸው? «ተቃዋሚዎ አይደለሁም፤ ፍርድዎ ነኝ።»

አማካሪዎችዎ ይህችን አንድ መስመር ሳያነቡልዎ የቀሩ ይመስለኛል። እነሱ «ሕዝቡ ስላላወቀው ነው የወደደው» ይሉዎታል። መልካም፤ ግን ሌላኛውን ግማሽ ዋጡት። ሕዝቡ አዲሱን ሰው መርምሮ አልጨረሰም፤ መርምሮ የጨረሰው ነባሩን ነው። እርስዎ የሥራ ልምድዎን በማስረጃ ያቀርባሉ፤ ሕዝቡ ግን ኖሮበታል። ስለዚህ «ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ» ባሉ ቁጥር ለምረጡኝ ያሉት ቃል ለክሱ ማስረጃ ሆኖ ይመዘገባል።

ውጤቱ ሲነገር አቶ ዜሌንስኪ 73 በመቶ፣ ያ ፖሮሼንኮ የሚሉት ሰውዬ 24 በመቶ አገኙ። ከክፍለ ሀገሮቹ ሰውዬውን የመረጠው ልቪቭ ብቻ ነበር። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን እዚህ ላይ ያሳየው የልምድ ማነስ ነው። ቆጠራው ሳያልቅ በዚያው ምሽት «ተሸንፌአለሁ» ብሎ ወጣ! ኮሮጆ አልጠፋ፣ መብራት አልሄደ፣ ኔትወርክ አልተቋረጠ። አምስት ዓመት ሙሉ ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ይህን እንኳ ያልተማረ ሰው በምን አንደበቱ ባለልምድ ይባላል? እርስዎ በዚህ እንደማይታሙ አገር ያውቃል።

ክቡር ፕሬዚዳንት ዜሌንስኪ በሜይ 20 በዓለ ሲመታቸው ባለሥልጣናቱን «የእኔን ፎቶ ቢሯችሁ አትስቀሉ፤ የልጆቻችሁን ሰቅላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት እነሱን እዩ» አሏቸው። ይሄ የእንግዳ ሰው ነገር ነው፤ እርስዎን አያስጨንቅዎ። በእኛ መሥሪያ ቤት እርስዎን ለመስቀል የማይጓጓ ሠራተኛ የለም። መሰላሉም ገመዱም ከግምጃ ቤት ወጪ ተደርጎ ቀኑን ብቻ ነው የምንጠብቀው።

ደግሞም ይጽናኑ፤ አዲስ ሰው አዲስ ሆኖ አይቀርም። የክቡርነታቸው ፓርቲ በዚያው ዓመት ጁላይ 254 የምክር ቤት ወንበር ጠቀለለ። በ2021 የባለሥልጣናትን የውጭ ሀብት ያጋለጡት የፓንዶራ ሰነዶች ሲወጡ የውጭ አገር ኩባንያዎቻቸው ስም ተነሳ፤ በሙስና ሲሳለቁ የኖሩት ሰው ራሳቸው መልስ ሰጪ ሆኑ። በ2022 ጦርነቱ ሲመጣ ከኪየቭ አልወጣም ማለታቸው ስማቸውን ቢመልስላቸውም፣ በጦርነት ሕግ ምክንያት ምርጫ ሳይደረግ ቀርቶ እነሆ እሳቸውም ባለልምድ ሆነዋል። አንድ ቀን «የት ሠርቶ ያውቃል?» የሚሉለት ሌላ ወጣት መምጣቱ አይቀርም።

እንግዲህ ምክሬ አጭር ነው። የቀረዎትን ጊዜ የልምድዎን ዝርዝር በማሳተም አይጨርሱት። አንድ ቀን ያለ አጀብ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቁሙ፤ ከልምድዎ ውስጥ የጎደለው እሱ ብቻ ነው። እኚያ ወጣትም፣ ክብራቸው ይስፋና፣ ካሸነፉ በኋላ መቆማቸውን እንዳይተዉ ይህንኑ ደብዳቤ ግልባጭ አድርጌላቸዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ለደከሙልን ሁሉ እግዚአብሔር የሥራዎን ይስጥዎ።

እስከ ምርጫው ዋዜማ ታማኝ አገልጋይዎ