አስታማሚ ነኝ ባይ

የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘባቸው ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ኪሎ የቀነስኩት ግን እኔ ነኝ። ጋሼ ውጤታቸውን በሰሙ ማግስት እንደ ወትሯቸው ቀበና ድረስ በእግራቸው ወርደው ጋዜጣ ገዝተው ተመለሱ። እኔ ከሥራ ቀረሁ። አለቃዬ ምን እንደገጠመኝ ስትጠይቀኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ቤታችን ከባድ ነገር ገብቶ…» አልኩና ቀሪውን ዋጥኩት። ቡና አስመጣችልኝ። እውነት ለመናገር፣ ትንሽ ጣፍጦኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዬ ሚስጥር መጠበቅ ሆነ። በእኛ ወግ ክፉ በሽታ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርማ! ቨርጂኒያ ያለችው እህታችን ዘንድ ደወልኩ፤ አዋሳ ላለው ወንድማችን ደወልኩ፤ ሁሉንም «ጋሼ ጆሮ እንዳይደርስ» ብዬ አስማልኩ። ካንሰር የምትለው ቃል ቀርታ «ያ ነገር» እንድትባል ደነገግኩ። ውጤቱን ከሐኪሙ እጅ የተቀበሉት ራሳቸው ጋሼ መሆናቸው፣ ለእኔም የነገሩኝ እሳቸው መሆናቸው ዘመቻዬን አላቀዘቀዘውም። ለምክክር ብዬ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትኩ። በማግስቱ ጋሼ እዚያው ላይ «እንደምን ዋላችሁ፤ የምትደብቁት ከማን ነው?» ብለው ጻፉ። ለካ የዘመድ ስም ስመርጥ እሳቸውንም ጠቅልዬ አስገብቻቸዋለሁ።

ሚስጥሩ ሲከሽፍብኝ ሐኪም ሆንኩ። ፒኤስኤ ማለት ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ የሚያመነጨው፣ ወደ ደምም ጥቂት የሚዘልቅ ፕሮቲን መሆኑን አወቅሁ። ልኬቱ ከ4 ሲያልፍ ሐኪሞች መጠርጠር የለመዱ ቢሆንም ዕጢው በዕድሜ ብቻ ሲያብጥም፣ ኢንፌክሽን ሲገባበትም ቁጥሩ ይወጣል፤ ስለዚህ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ ነው። ይህን ሁሉ ለጎረቤት፣ ለታክሲ ሾፌር፣ አንድ ጊዜም ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አስተምሬያለሁ።

ያዋረደኝ የግሊሰን ነጥብ ነው። ዶናልድ ግሊሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መለኪያ ሲሆን፣ በናሙናው ውስጥ ለታዩት የሴሎች አደረጃጀት ዓይነቶች ሁለት ደረጃ ተሰጥቶ ይደመራል። የጋሼ 3 ሲደመር 3፣ ስድስት ነው። ጣሪያው 10 መሆኑን እንዳነበብኩ ማንበቤን ትቼ ወደ ቨርጂኒያ ደወልኩ። «ከአስር ስድስት! ከግማሽ በላይ ሄዷል!» እህቴ አለቀሰች፤ እኔም አገዝኳት። ዛሬ ከናሙና የሚሰጠው ዝቅተኛው ነጥብ ስድስት መሆኑ፣ ማለትም ከፕሮስቴት ካንሰሮች ሁሉ ዳተኛው እሱ መሆኑ፣ ቀጥሎ ባለው መስመር ተጽፎ ነበር። ጋሼ ሒሳብ ሲያስተምሩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ወረቀቱን በመነጽራቸው አዩና «ማለፊያ ነው» አሉ።

ሐኪሙም «አሁን አንነካውም፤ እንከታተለዋለን» አሉ፤ በየጊዜው ፒኤስኤ፣ ቆይቶም ኤምአርአይና ናሙና። ከወንበሬ ተነሣሁ። «ካንሰር እያየን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ? እኔ አልችለውም!» አልኩ፣ የታመምኩት እኔ ይመስል። ሐኪሙ ታገሡኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ነገሩን። በሽታቸው ከዕጢው ያልወጣ 1,643 ወንዶች በክትትል፣ በቀዶ ጥገናና በጨረር ተመድበው 15 ዓመት ያህል ሲታዩ፣ ከየትኛውም ምድብ በዚህ ካንሰር የሞቱት ከመቶ ከሁለት እስከ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። ቀዶ ጥገናው ግን ሽንት መቋጠርንም ወንድነትንም ሊያጓድል ይችላል። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው «አንተ እንድትረጋጋ እኔ ዳይፐር ልታጠቅ?» አሉኝ። ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ፋይል ፍለጋ ወጣች።

ከዚያ ማጽናናት ጀመርኩ፤ ይኼኛው የባሰ ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ2001 ይኸው በሽታ ተገኝቶባቸው፣ በጨረር ታክመው እስከ 95 ዓመታቸው መኖራቸውን በየስልኩ ስደጋግምባቸው ጋሼ የእኔን ቁጥር ሲያዩ «ማንዴላ ደወለ» ማለት ለመዱ።

አንድ ምሽት ግን በረንዳው ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ሌሊት ሌሊት እኮ…» ብለው ጀመሩ። እኔ ከአፋቸው ነጥቄ ስለ ቲማቲም አወራሁ። ቲማቲም ተቀቅሎ ሲበላ፣ ከዘይት ጋር ሲሆን፣ ምናምን። እስኪመሽ አወራሁ። እሳቸውም እንደ ጨዋ ሰው አዳመጡኝ። ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚሆኑ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ ሌላ አትክልት ተናግሬያለሁ።

ዘመድ ሁሉ «ወንድም ማለት እንዲህ ነው» እያለ ይመርቀኛል። አሜን እላለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ገና በመጀመሪያው ሌሊት፣ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ወንድ በዚሁ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ያህል መሆኑን አንብቤ ነበር። ከዚያ ወዲያ «ለጋሼ» እያልኩ ያነበብኩት ሁሉ ለራሴ ነው። ከሃምሳ አልፌያለሁ። ለሽንት ሌሊት እነሣለሁ። ምርመራው የሐኪም ጣት ብቻ ነው እያልኩ የምሸሽበት ሰበብ እንኳ አልቋል፤ ፒኤስኤ እንደ ስኳር ምርመራ ከክንድ ደም መቅዳት ነው። መርፌ እፈራለሁ እንዳልል፣ ሰሞኑን ጋሼ ደም ሲሰጡ «አይዞዎት፣ ምንም አይልም» እያልኩ አጠገባቸው የቆምኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ሳይነገራቸው ገባቸው። «አንተስ ተመረመርክ?» አሉኝ ባለፈው እሑድ። ሥራ በዛ አልኩ፤ ጾሙ ይለፍ አልኩ። ስልካቸውን አውጥተው ቀጠሮ ያዙልኝ። «እስከዚያው ሁለት ቀን ብስክሌት እንዳትነዳ፤ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል» አሉኝ። ብስክሌት የለኝም አልኩ። «እንግዲያ ሰበብ አለቀብህ።»

ቅዳሜ ጠዋት መጥተው ይወስዱኛል። ትናንት ማታ ደውዬ በባዶ ሆድ መሆን አለበት ወይ፣ ከሆነ ለእኔ ጨጓራ ስለማይስማማ ወደ ሌላ ሳምንት ቢዛወር ምን ይመስላቸዋል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ብላ» አሉና ዘጉት።