ሁዳዴ የሌለበት ቢዝነስ ፕላን

የጋይንቷ ቤተ ልሔም የደንብ አገር ናት። ድጓ የዘለቀ ተማሪ፣ ጎጃም ይማር ወሎ፣ የቤተ ልሔምን ዜማ ይዣለሁ ለማለት ጋይንት ድረስ ሄዶ በመምህራኑ ፊት ማስመስከር አለበት። አንዲት ምልክት ከዘለለ ይመለሳል፤ አማላጅም አይሠራለትም። የዚህ አገር ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ገንዘብ ሲይዝ ግን ዓይኑን የሚተክለው ገና ባልተጻፈ ደንብ ላይ ነው።

ሰሞኑን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ለቅሶ ቤትም ይገናኙ ሰርግ ቤት፣ ወሬያቸው ወተት ሆኗል። «መመሪያ ሊወጣ ነው፤ ሳይወጣ እንግባ» ይባባላሉ። የምን መመሪያ? አንዱ ጥሬ ወተት በጀሪካን መሸጥ ሊከለከል ነው ይላል። ሌላው የዱቄት ወተት ከውጭ ማስገባት ሊቆም ነው ይላል። ሦስተኛው ሁሉንም ያውቃል፤ የነገረው «የውስጥ ሰው» ስለሆነ ግን አይናገርም። ቀድሞ የገባ እንደሚከብር ሦስቱም ይስማማሉ። ከሦስቱ አንድም ላም ያለው የለም።

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከታወጀ ወዲህ ወተት፣ እንቁላልና ማር የስብሰባ ቋንቋ ሆነዋል። በጥር 2017 ደግሞ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር፤ የእኛ ሰው ግን ቀጥላ ላም ትመዘገባለች ብሎ ቁጭ ብሏል።

ደንብን ቀድሞ መግባት ምን እንደሚያመጣ አውሮፓውያን ያውቁታል። እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ1984 ጀምሮ እያንዳንዱ አገር የሚያመርተው ወተት በኮታ የተገደበ ነበር። ኮታው ማርች 31 ቀን 2015 እንደሚያበቃ ከዓመታት በፊት ተነገረ። ገበሬው ተበድሮ ጊደር ገዛ፣ ፋብሪካውም የወተት ማድረቂያ ተከለ። ቀኑ ሲደርስ ወተቱ ጎረፈ፤ ሩሲያ በሯን ዘግታ፣ ቻይናም ግዢዋን ቀንሳ ስለነበር ዋጋው ተንኮታኮተ። በዓመቱ የአውሮፓ ኅብረት 150 ሚሊዮን ዩሮ መድቦ ወተት ለቀነሰ ገበሬ ይከፍል ጀመር። ለማለብ የተበደረ ሰው ላለማለብ ተከፈለው ማለት ነው።

የእኛም አገር ወተት አንድ ጊዜ በደንብ ተለክቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ውስጥ በአውሮፓ ልክ ያለፉት 9 ብቻ ናቸው ተባለ። ነገሩ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ነው፤ ላሚቱ ከምትበላው፣ በተለይ ከሻገተ የኑግ ፋጉሎ፣ ወደ ወተቱ ያልፋል። የአውሮፓ ልክ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ሲሆን የአሜሪካኖቹ 0.5 ነው፤ በአሜሪካኖቹ ከተለካ የወደቁት 29 ብቻ ይሆናሉ። ያው ላም፣ ያው ወተት፣ ያው ጠዋት! ሸማቹ ግን የማንን ልክ እንደሚከተል ሳይጠይቅ ወተቱን ትቶ ሻዩን ብቻውን ጠጣ። ያን ጊዜ ገንዘቡን ፋጉሎ በደንብ በሚያደርቅና በሚያስቀምጥ መጋዘን ላይ ያዋለ ሰው ቢኖር ብልህ እለው ነበር። መጋዘን ግን ለአክሲዮን ሻጭ አያምርም።

ወደ አገሬ ልጆች ልመለስ። ከእነሱ አንዱ፣ ወዳጄ፣ አክሲዮን የሚሸጥበት የወተት ፋብሪካ ፕላን ጽፏል። ለበዓል አገር ቤት ሲገባ ላፕቶፑን ይዞ፣ ልጅ ሳለ ዳዊት ያስደገሙትን መምህር ሊያማክር ሄደ። ገንዘብ እንዲያስገቡ ሳይሆን ሰው እንዲያስገቡለት ነው።

«የኔታ፣ ፋብሪካው በቀን 5 ሺህ ሊትር ይሸጣል። በ365 ሲባዛ...»

«ቆይ። ለማን ነው የምትሸጠው?»

«ለሕዝቡ ነዋ።»

«ሕዝቡ የምን ሰው ነው?»

«ክርስቲያን ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ 365 ከየት መጣ?»

ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ያዙ። ሁዳዴ 55 ነው። የነቢያት ከ40 ይበልጣል፤ ፍልሰታ አለ፣ ነነዌ አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። የሰኔው ደግሞ ፋሲካን ተከትሎ ይረዝማል፣ ያጥራል። ለምእመኑ 180 ቀን ያህል፣ ለካህኑ ወደ 250 ይጠጋል። በባሕረ ሐሳብም የ2019 ሁዳዴ የካቲት 29 እንደሚገባ፣ ፋሲካው ሚያዝያ 24 እንደሚውል እዚያው ነገሩት። ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ የውስጥ ሰው።

«ላሚቱስ ትጾማለች?» ብለው ጠየቁት መጨረሻ ላይ።

ወዳጄ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ሕፃን ይጠጣል፣ በሽተኛ ይጠጣል፣ ሙስሊሙ ይጠጣል፣ ጾም የማይዘውም ከተሜ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የተረፈውንም ቅቤና አይብ ማድረግ ይቻላል። ግን ማቀዝቀዣ ይጠይቃል፤ ማቀዝቀዣው መብራት ይጠይቃል። ይህ ሁሉ በሌለበት ሁዳዴ ሲገባ ፋብሪካው ቅበላውን ይቀንሳል፣ ገበሬው በር ላይ ከነጀሪካኑ ይቆማል። ፕላኑ ውስጥ ስለ ዶላር ሁለት ገጽ አለ፤ ስለ ሁዳዴ አንድ መስመር የለም።

ስለ ላሚቱም ብዙ የለም። ያገሬ ላም በቀን የምትሰጠው ሊትር ተኩል ገደማ ነው፤ እሱንም ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ አትለቅም። በዞናችን በወተት የተመሰገነችው የፎገራ ላም ናት፤ የፎገራን ሜዳ ግን ሩዝ እየበላው ግጦሿ ጠቧል። ጉና ሥር ያለች እናት ደግሞ ወተቷን ለልጆቿ ታስቀርና የቀረውን በቅል ንጣ ቅቤውን ገበያ ታወጣለች፤ ወተት እንደ ወተት መሸጥ ነውር መስሎ የሚታያት አለች። 5 ሺህ ሊትር በእንዲህ ያሉ ላሞች ሲሰላ ከ3 ሺህ በላይ ታላቢ በአንድ ጠዋት አንድ በር ላይ መድረስ አለባቸው። ወዳጄ ይህን ስነግረው «ዝርዝር ነው» አለኝ።

በሳምንቱ ደወለ። ድምፁ የደስታ ነው። ወተቱን ትቶታል፤ የኔታ ዓይኑን ገልጠውለታል።

«ሱፍ!» አለኝ። «በጾም ሰው የሚጠጣው የሱፍ ውኃ ነው። አስበው፣ በቀን 5 ሺህ ሊትር፣ በ365 ሲባዛ...»