አክተሩ አይሞትም፦ የየካ የፊልም ሂስ ትምህርት ቤት መግቢያ

ስለ ፊልም የሚጻፉ ሂሶች አንድ ትልቅ ጉድለት አለባቸው፤ ሐያሲው ፊልሙን አይቶታል። የየካ የሂስ ትምህርት ቤት ከዚህ ድክመት የጸዳ ነው። መንበሩ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተበተኑት ፊልም መጫኛ ሱቆች ናቸው። ሐያሲው አንድ ኮምፒውተርና የደንበኛን ፊት የማንበብ ችሎታ ይዞ ይቀመጣል። ፍላሹን ይቀበላል፣ ቀና ሳይል "አክሽን ይሁን ሰስፔንስ?" ይላል። ግድግዳው ላይ የጄሰን ስታተም ፎቶ አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን፣ በቦታ ጥበት ይመስለኛል፣ አልተለጠፈም።

ትምህርት ቤቱ ሥር የሰደደ ነው። አዲስ አበባ ሲኒማን ስትተዋወቅ ማሳያውን "ሰይጣን ቤት" ብላ ነበር የጠራችው። በሁለት ቃል ያለቀ፣ እስካሁንም በአጭርነቱ ያልተበለጠ ሂስ ነው። በ1957 ዓ.ም. "ሂሩት አባቷ ማነው?" ሲመጣ ደግሞ ሰስፔንስ ከርእስ መጀመር እንደሚችል ታወቀ።

ዋናው ቀኖና የተደነገገው ግን በቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ የቦክሱ ድምፅ ከውስጥ ካለው ተመልካች ይልቅ ውጭ ላለው ሳንቲም አልባ ልጅ የሚሰማበት ክፍል ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ጥናቴን ያካሄድኩት ከውጭ ነው። እዚያ የሰው ልጅ በሦስት ይከፈላል፦ አክተር፣ ቦስና ሟች። ቀኖናውም አንድ ነው፦ አክተሩ አይሞትም። አርኖልድ በኮማንዶ (እ.ኤ.አ. 1985) ሜዳ ላይ ቆሞ ሲተኩስ፣ ተሸሽገው የሚተኩሱበት ሁሉ ሲስቱት "እንዴት?" ብሎ የጠየቀ ልጅ በሰፈራችን አልነበረም።

አንዳንዴ ግን አንዱ ተነስቶ "እኔ ያየሁት ላይ አክተሩ ሞቷል" ይላል። መልሱ ዝግጁ ነው፦ "እንግዲያው አክተሩ እሱ አልነበረም።" ካርል ፖፐር ሐሰትነቱ ሊፈተን የማይችል ንድፈ ሐሳብ ሳይንስ አይደለም ብሎ ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቢያድግ ኖሮ ይህን ከመጻፉ በፊት ቴስታ ይቀምስ ነበር።

ወደ ቅርቦቹ ፊልሞች ስንመጣ፣ ንብ አርቢው (እ.ኤ.አ. 2024) በየካ የተመደበበት ዘውግ ከሆሊውዱ ይለያል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አጭበርባሪዎች የአንዲት ደግ አሮጊት ገንዘብ በኮምፒውተርና በስልክ አታልለው ይወስዳሉ፣ ሴትዮዋ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ ጎረቤታቸው ስታተም ሄዶ የደዋዮቹን ሕንፃ ያቃጥላል። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል" የሚል ስልክ ያልተደወለላት እናት በሌለችበት ከተማ ይህ አክሽን አይባልም፤ ዶክመንተሪ ነው። ያልተጨበጠ ሆኖ ያገኘሁት አንድ ነገር ቢኖር ደዋዮቹ መገኘታቸው ነው።

ቡሌት ትሬን (እ.ኤ.አ. 2022) ግን ጥብቅ ትችት ይገባዋል። ብራድ ፒትና ሌሎች ነፍሰ ገዳዮች ከቶኪዮ በሚነሳ ፈጣን ባቡር ውስጥ ለአንድ ሻንጣ ሲተላለቁ ሁለት ሰዓት ይፈጃሉ። ነገሩን ከአያት ጦር ኃይሎች በሚመላለሰው ቀላል ባቡር ፈትሸነዋል። በሥራ መውጫ ሰዓት ቦክስ ለመሰንዘር ክንድ የሚዘረጋበት ክፍተት የለም፤ ሻንጣውም ከጉርድ ሾላ መገናኛ ሳይደርስ ያለ አንዳች ደም መፍሰስ ባለቤት ይቀይራል። ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

እዚህ ላይ ሆሊውድ ጨርሶ ያልደረሰበትን አንድ ዘውግ ማንሳት ግድ ይላል፦ "ከቤተሰብ ጋር የሚታይ"። አንዲት እናት ሱቁ መጥተው አክሽን ሲጠይቁ ሐያሲው "ማዘር፣ ይሄ ይቅርብዎ" አላቸው። ሬሳ ይበዛበት እንደሆነ ጠየቅሁት። ሬሳ ችግር የለውም። "ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ይሳሳማሉ።" ዘጠና ሰው ሲታረድ ዓይኑን የማይነቅል አባት፣ ሁለት ከንፈር ሲቀራረብ በድንገት ውሃ የሚጠማው ለምንድን ነው? ይህን ለሐኪሞች እተወዋለሁ።

አሁን ቀኖናው ወደገጠመው ፈተና እንግባ። የመጀመሪያው ጆን ዊክ (እ.ኤ.አ. 2014) በየካ በጥርጣሬ ነበር የታየው። "ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?" ተብሏል። ነገሩ የረገበው የ1969 ሙስታንግ መኪናውም አብሮ መሰረቁ ሲታወቅ ነው፤ መኪና ያስገድላል። በአራተኛው ክፍል (እ.ኤ.አ. 2023) ዊክ ፓሪስ ውስጥ 222 ደረጃ እየታኮሰ ይወጣል፣ እስከ ታች ተንከባልሎ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ከዚያ የደረጃው አናት ላይ ይወድቃል። በመጨረሻም መቃብሩ ይታያል።

ሱቁ ለሁለት ተከፈለ። ወግ አጥባቂዎቹ "አስከሬን አይተሃል?" በሚለው ጸኑ። ሁለተኛው ወገን መሞቱን አምኖ የገደለው ግን ጥይት ሳይሆን ዳገቱ ነው አለ። ይህ በሙከራ ሊረጋገጥ የሚችል አስተያየት በመሆኑ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ተነሣሁ።

የእንጦጦ አናት ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎች ይወዱታል፤ ፍቅረኞችም አጋቾችም እዚያው ነው የሚሄዱት። ዘሩ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባህር ዛፍ ግን ለማገዶና ለቤት እንጂ ለተኩስ ልውውጥ አልታሰበም። ከጀርባው ለመከለል ሞክሬአለሁ፤ የተከለለልኝ አፍንጫዬ ብቻ ነበር።

222 እርምጃ ቆጥሬ ለመውጣት አቀድሁ። ሽጉጥ አልያዝኩም፣ የሚያሳድደኝም አልነበረም። በ140ኛው ላይ፣ ለጥናቱ ሲባል፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከላይ አንዲት በእድሜ የገፉ እናት ከቁመታቸው የሚረዝም የማገዶ እስር አዝለው፣ ነጠላ ጫማቸውን እያንሸራተቱ ወረዱ። እኔ ጋ ሲደርሱ ጭነቱን ሳያወርዱ ቆሙ።

"ምን ሆነህ ነው ልጄ?"

"ጥናት ላይ ነኝ፣ እማማ።"

ፊቴን ጎንበስ ብለው መረመሩ።

"አይዞህ፣ ዳገቱ ነው" አሉኝ። "አትሞትም።"