ጥግ ይዤ የሰጠሁት ድምፅ

ላስ ቬጋስ፣ የካቲት 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

የእትዬ ጉልበት ተሻላቸው? ባለፈው ስንደዋወል «እስቲ አሜሪካኖቹ እንዴት እንደሚመርጡ አይተህ ጻፍልኝ» ብለውኝ ስለነበር፣ ትናንት ቅዳሜ ሄጄ በዓይኔ በብረቱ አይቼ መጣሁ። ደብዳቤውን ግን እባክዎ ለእድርተኛው ጮክ ብለው አያንብቡት፤ «ልጁ አሜሪካ ገብቶ ቅጥፈት ለመደ» ይሉኛል።

ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ገና በጥቅምት መጨረሻ ነው። አሁን ዴሞክራቶቹ ከትራምፕ ጋር የሚገጥምላቸውን ሰው በየግዛቱ በተራ እያማረጡ ነው፤ አዮዋና ኒው ሃምፕሻየር ቀደሙ፣ ኔቫዳ ሦስተኛ ሆነች። እዚህ ያለው አመራረጥ «ኮከስ» ይባላል። የአንድ ሰፈር ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈውን ሰው ስም ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ሄዶ ይቆማል። አለቀ፤ ድምፅ ማለት ይኸው ነው።

እርስዎ በግንቦት 1997 በሌሊት ተነስተው፣ ተሰልፈው ውለው፣ መጋረጃው ውስጥ ገብተው ማንን እንደመረጡ ይኸው እትዬ እስከ ዛሬ አያውቁም። እዚህ መጋረጃ የለም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው ሰውዬ፣ የቆሻሻ ገንዳ ስናወጣ ብቻ እጅ የምንነሳሳው፣ ከየትኛው ግድግዳ ሥር እንደቆምኩ ቁልጭ አድርጎ አይቷል። እኔም የሱን አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ስንተያይ ሁለታችንም ፊታችንን ወደ ገንዳው አዞርን።

የተሰበሰብነው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ ለልጅ የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ ተቀመጥን። በእናንተ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ስም እየተመዘገበ፣ 6 ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። ሥርዓቱን ያስረዳችኝ የ17 ዓመት ልጅ ናት። በምርጫው ቀን 18 ስለሚሞላት አሁንም መምረጥ ትችላለች። «ጌታዬ፣ ገብቶዎታል?» ትለኛለች ደጋግማ። የእድሩን ስብሰባ ሲመሩ «ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ» ካሉ በኋላ እጅ ያላወጣው ሁሉ አብሮ የሚጮህበት ሰዓት አለ አይደል? ልክ እንደዚያ ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ጡሩንባ ነፊው አለመኖሩ ነው።

ዋናው ሕግ እንዲህ ይላል፦ ከክፍሉ ሰው 15 በመቶ ያላገኘ ጎራ ይፈርሳል። ቀድመው በወረቀት የመረጡት ተደምረው 60 ሰው ስለሆንን መቆሚያው 9 ነው። እኔ ከወይዘሮ ክሎቡሻር ሥር ቆምኩ። ለምን ካሉኝ ባለቤቴ ሥራ ስትወጣ «አደራ» ብላኛለች። እሷ ፈረቃ ስላለባት ባለፈው ሳምንት ቀድማ በወረቀት መርጣለች፤ ወረቀቱ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰው በቅደም ተከተል መጻፍ ግድ ነው፣ የመጀመሪያው ቢወድቅ ድምፁ ወደ ተከታዩ እንዲዞር። የእኛ ጎራ ተቆጠረ፤ ከነወረቀቱ 7። ፈረስን።

ጋሼ፣ እንደዚያች ደቂቃ ተወድጄ አላውቅም። በሠርጌ ዕለት እንኳ! ከየጎራው ሰው ወደኔ ጎረፈ። አንዷ ዶናት ይዛ መጣች። ጺማም ወጣት ትከሻዬን ይዞ የሳንደርስን ነገር ጀመረ፤ ለሁሉም ሰው መንግሥት የሚከፍለው ሕክምና ይመጣል አለኝ። ይህ እንግዲህ ቬጋስ ላይ ቀላል ወሬ አይደለም። የሆቴል ሠራተኞቹ ማኅበር 60 ሺህ ገደማ አባላት አሉት፣ ባለቤቴም አንዷ ናት። ማኅበሩ ከሆቴሎቹ ጋር ስንት ተሟግቶ፣ አድማ መትቶ ያገኘው የራሱ የጤና መድን አለው፤ የሳንደርስ ዕቅድ ይህንን ያስቀርብናል ብሎ ወረቀት በትኗል። ከዚያ ደግሞ ማንንም አልደግፍም ብሎ ዝም አለ። የባለቤቴ ሁለት መንጋጋ የተሠራው በዚያ መድን ነው። ወጣቱ ስለ ፍትሕ ሲያወራኝ እኔ የሚታየኝ የጥርሷ ወጪ ነበር። በደንብ ይናገራል፣ አንጀቴንም በልቶኛል፤ ግን መንጋጋ መንጋጋ ነው። ወደ ባይደን ግድግዳ ተሻገርኩ።

ብሉምበርግ የሚባሉትን ቢሊየነር ማንም አልጠራቸውም። በቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሰልችተውን፣ ረቡዕ ማታ እዚሁ ከተማ በተደረገው ክርክር ወይዘሮ ዋረን ሲወቅጧቸው አየን፤ ሲጣራ በኔቫዳ ዝርዝር ውስጥ የሉም።

እንደገና ስንቆጠር ሳንደርስ 22፣ ባይደን 22፣ ቡቲጄጅ 16 ሆነ። ሰፈራችን የሚልከው 4 ተወካይ ነው። ልብ ይበሉ፣ እነዚህ ተወካዮች ገና ወደ አውራጃ ጉባኤ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወደ ግዛት ጉባኤ የሚሄዱ ይመረጣሉ፤ በመጨረሻ የግዛቱ 36 መቀመጫ ተከፋፍሎ በሐምሌ ሚልዋኪ ላይ ይገናኛሉ። የልጅ ወንበር ላይ ያስቀመጠን ይህ ነው። ለሦስቱ አንድ አንድ ደረሰና አራተኛው ተወካይ በሳንደርስና በባይደን መካከል ቀረ። እኩል ናቸው። ምን ይደረግ?

ሰብሳቢው ከቦርሳው ያልተከፈተ ካርታ አወጣ።

አዎ፣ ካርታ! እርስዎ ከትራሴ ሥር አግኝተው ምድጃ የከተቱብኝ ዓይነት ካርታ። በኔቫዳ ደንብ እኩል ሲሆን ከየጎራው አንድ ሰው ይመዛል፣ ትልቁ ያሸንፋል። በእኛ በኩል አንዲት ዕድሜዋን ሁሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ስታድል የኖረች ሴት ወጣች፤ እኛማ አሸነፍን ብለን ተጠቃቀስን። ጺማሙ ዘጠኝ መዘዘ። እሷ አራት። ለስንት ሺህ ሰው ስታድል የኖረች ለራሷ አራት!

ቆጠራው ዛሬም አላለቀም፤ ግን ቴሌቪዥኑ ትናንቱኑ ሳንደርስ ግዛቱን በሰፊው አሸነፉ ብሏል። በጥር መጨረሻ አዮዋ ላይ የስልክ መተግበሪያው ተበላሽቶ ውጤቱ ለቀናት ስለዘገየ፣ የእኛዎቹ ያንን ዓይነት መተግበሪያ ትተውታል። ካርታው ግን አልተበላሸም።

እናንተም በነሐሴ ትመርጣላችሁ ሲባል ሰማሁ። መጋረጃውን አደራ፣ ማንም እንዳያነሳባችሁ።

ዛሬ ቅበላ ስለሆነ ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። ከትናንት ማታ ጀምሮ ባለቤቴን አንድ ነገር እየጠየቅኳት ነው፤ ክሎቡሻር ሲወድቁ የሷ ወረቀት ለማን ዞረ? ምክንያቱም ለሳንደርስ ዞሮ ከሆነ፣ እኔ ለመንጋጋዋ ብዬ የተሻገርኩት እሷን ለማጣፋት ነው፤ እኩል ያደረግነውም ሁለታችን ነን ማለት ነው። ሽንኩርቱን እያማሰለች ትስቃለች። ስለምናት ውዬ አሁን ሦስተኛ ምርጫዋን ብቻ ነገረችኝ።

እትዬን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። መልካም ጾም።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ